የአሥራ አንደኛው ወር ምርመራ፦ የአዲስ ቤት ዋስትና ሳያልቅ

የዋስትናው ሰፊ ክፍል አጭሩ ነው

በአሜሪካ አዲስ ቤት የሚገዛ ሰው ክሎዚንግ ላይ እጁ እስኪዝል ይፈርማል። ከዚያ ሁሉ ወረቀት መሀል አንዱ ቢልደሩ ለቤቱ የሚሰጠው ዋስትና ነው፤ አብዛኛው ሰው ከቁልፉ ጋር ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። የሽያጭ ሠራተኛዋ "የአሥር ዓመት ዋስትና አለው" ያለችውን ግን አይረሳም። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አሥር ዓመት የሚቆየው ዋስትና የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም ሰው የሚያስፈልገው ዋስትና ደግሞ በአንድ ዓመት ያልቃል።

የተለመደው አከፋፈል አንድ፣ ሁለት፣ አሥር ይባላል። የአንድ ዓመቱ የእጅ ሥራንና ዕቃን ይሸፍናል፦ ግድግዳ፣ ቀለም፣ በር፣ ወለል፣ ታይል፣ የጣሪያ ክዳን፣ በመስኮት ዙሪያ የሚገባ ውሃ። እስከ ሁለት ዓመት የሚዘልቀው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው የቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ፣ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መስመር ነው። አሥር ዓመት የሚሄደው ቤቱን የተሸከመው አካል ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ስንጥቅ ታየ ተብሎ አይከፈልበትም፤ ብዙዎቹ የዋስትና ደብተሮች ጉዳቱ ቤቱን ለመኖር አስጊ ያደረገ መሆኑን ይጠይቃሉ።

ይህ ቢልደሩ በራሱ ወረቀት የሚሰጠው ነው። ሕግ የሚሰጠው ደግሞ ለብቻው አለ፤ እንደየግዛቱም ይለያያል። በቨርጂንያ የግዛቱ ሕግ አንቀጽ 55.1-357 ለአዲስ ቤት የአንድ ዓመት፣ ለመሠረቱ የአምስት ዓመት ዋስትና ይሰጣል። ጊዜው የሚቆጠረው ስመ ሀብቱ ከዞረበት ወይም ቤቱን ከያዛችሁበት ቀን፣ ከሁለቱ ከቀደመው ነው። ይኸው ሕግ ግን ቢልደሩ ዋስትናውን በውል እንዲያስቀር ይፈቅድለታል፤ የሚያስቀረው ዐረፍተ ነገር በትልልቅ ፊደል፣ መጠኑም ከሌላው ጽሑፍ ቢያንስ በሁለት ነጥብ በልጦ መታተም አለበት። ውላችሁ ውስጥ ከሌላው ተለይቶ የሚጮህ አንቀጽ ካለ ለጌጥ የገባ አይደለም፤ አንብቡት። በሜሪላንድ ሕጉ የሚሰጠው አንድ ዓመት ነው፣ ለተሸካሚ አካላት ሁለት፤ ቢልደሩ የተፈቀደ የዋስትና ፕላን ውስጥ ከገባ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት ይሆናል። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ፣ የአንድ፣ የሁለትና የስድስት ዓመት የጽሑፍ ዋስትና የሰጠ ቢልደር በግንባታ ጉድለት ሊከሰስ የሚችልበትን የመጨረሻ ጊዜ ከአሥር ዓመት ወደ ስድስት አውርዶለታል።

የኋለኞቹ ቁጥሮች ይለያያሉ። የመጀመሪያው ግን በእነዚህ ሁሉ አንድ ነው። ከዚህ በታች የምናወራው ስለዚያ አንድ ዓመትና ሳያልቅ ቤቱን በግል ኢንስፔክተር ስለማስመርመር ነው።

ካውንቲው አሳልፎት የለም ወይ?

አዎ፣ አሳልፎታል። የካውንቲው ኢንስፔክተር መሠረቱ ሲወጣ፣ እንጨቱ ሲቆም፣ ቧንቧና ሽቦው ሳይሸፈን፣ በመጨረሻም መኖሪያነቱ ከመፈቀዱ በፊት ይመጣል። የሚያየው ግን ኮዱ ያስቀመጠውን ዝቅተኛ መስፈርት ነው፤ በዚያው ቀን የሚያያቸው ሌሎች ቤቶችም አሉበት። የታይሉ አቀማመጥ፣ የቀለሙ ጥራት፣ የበሩ መግጠም አለመግጠም የሱ ጉዳይ አይደለም።

ከዚህ የሚበልጠው ምክንያት ግን ቤቱ የሚሠራበት መንገድ ነው። የቢልደሩ ስም ሰፈሩ መግቢያ ላይ በትልቁ ይጻፍ እንጂ ቤቱን የሚሠሩት ሰብ ኮንትራክተሮች ናቸው። እንጨት የሚያቆመው ቡድን ቧንቧ የሚዘረጋውን አያገኘውም። ቧንቧ የሚዘረጋው እንጨቱን በስቶ ይሄዳል። ከዚያ ድራይዎል የሚገጥመው ይመጣና ሁሉንም ይሸፍነዋል። እያንዳንዱ የራሱን ሥራ በወጉ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ጉድለት የሚበዛው ሁለት ሙያ በሚገናኝበት ቦታ ነው፦ ጣሪያው ከግድግዳው የሚጋጠምበት፣ መስኮቱ ከሳይዲንጉ የሚገናኝበት፣ የሻወሩ ቧንቧ ታይሉን በስቶ የሚወጣበት፣ ዴኩ ከቤቱ ጋር የታሰረበት። ለግል ኢንስፔክተር የምትከፍሉት እነዚህን መጋጠሚያዎች በእናንተ ወገን ሆኖ እንዲያይ ነው።

ለምን አሥራ አንደኛው ወር?

አዲስ ቤት በመጀመሪያው ዓመቱ ይንቀሳቀሳል። ለግንባታ "ደረቅ" ተብሎ የሚሸጠው እንጨት እስከ 19 በመቶ እርጥበት ሊይዝ ይችላል። ማሞቂያ በሚሠራበት ቤት ውስጥ አንድ ዊንተር ሲያሳልፍ ወደ 10 በመቶ አካባቢ ይወርዳል፤ ሲደርቅም በጎኑ ይኮማተራል። ያኔ ድራይዎሉን የያዘው ሚስማር ከቀለሙ ሥር እንደ ብጉር ይወጣል፣ ኮርኒሱና ግድግዳው የሚገናኙበት ጥግ ይላቀቃል፣ ወለሉ ይጮሃል፣ ትናንት የሚዘጋው በር ዛሬ አልገጥም ይላል። ውጭ ደግሞ መሠረቱ ሲሠራ ተቆፍሮ የተመለሰው አፈር ዝናብ በጠጣ ቁጥር ይሰምጣል። ቁልፍ ስትቀበሉ የተደረገው ምርመራ፣ ምንም ጎበዝ ሰው ቢያደርገው፣ ይህን ሊያይ አይችልም፤ ገና አልሆነማ።

ስለዚህ ቤቱ አራቱንም ወቅት እንዲያይ ይጠበቃል፤ ለጽሑፍ ማሳወቂያው ደግሞ ቀን መትረፍ አለበት። አሥራ አንደኛው ወር የተመረጠው ለዚህ ነው። ቀጠሮውን ግን በአሥረኛው ወር መጨረሻ ያዙ። ጥሩ ኢንስፔክተር በማግስቱ አይገኝም፤ ሪፖርቱ እስኪደርስ፣ እናንተም አንብባችሁት ደብዳቤ እስክትጽፉ ሳምንታት ይሄዳሉ። ክሎዚንጋችሁ ኦገስት 20 ከነበረ ምርመራው ጁላይ መጀመሪያ ላይ ይሁን፤ ደብዳቤው ጁላይ ሳያልቅ ይውጣ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ቤቱን የተረከባችሁት በዲሴምበር ከሆነ አሥራ አንደኛው ወር ኖቬምበር ላይ ይውላል። በብርድ ማቀዝቀዣ ማስነሳት ኮምፕሬሰሩን ሊጎዳው ስለሚችል ኢንስፔክተሩ አይነካውም፤ "አልተፈተሸም" ብሎ ጽፎ ያልፋል። ማቀዝቀዣውን በጁላይ ራሳችሁ ፈትሹት። ወደ መሣሪያው በሚገባውና በክፍሉ ቀዳዳ በሚወጣው አየር መካከል ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ፋራናይት ልዩነት መኖር አለበት፤ አሥር ዶላር የማይሞላ ቴርሞሜትር ይበቃል። የላይኛው ፎቅ መኝታ ቤት ከታችኛው ስንት ዲግሪ እንደሚበልጥም ከነቀኑ ጻፉ። በበጋ የተረከበ ሰው ማሞቂያውን በጃንዋሪ እንዲሁ ያድርግ። ቅሬታውንም ዓመቱ እስኪሞላ አታቆዩት፤ በዚያው ሳምንት ላኩት።

ከሁሉ በፊት ውሃ

ይህን ክፍል ብቻ አንብባችሁ ሌላውን ብትተዉት አልቀየምም።

የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ኮድ ከመሠረቱ አንሥቶ በመጀመሪያው 10 ጫማ ውስጥ መሬቱ 6 ኢንች እንዲወርድ ይጠይቃል። ቤቱን ስትረከቡ ይህ ተስተካክሎ፣ ሣር ተነጥፎበት ይሆናል። ከላይ ያልኩት የተመለሰ አፈር ሲሰምጥ ግን ተዳፋቱ ይገለበጥና ውሃው ወደ ቤቱ መሄድ ይጀምራል። በፀሐይ ቀን ይህን ማየት ያስቸግራል፤ ሣሩ ያምራል። ደህና ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ቤቱን ዙሩት። ውሃው የት ይተኛል? የአሸንዳው መውረጃ የት ይጥለዋል? ታውንሃውስ ከሆነ ከጎረቤት ጋር የምትጋሩት ቦይ ውሃውን ይወስዳል ወይስ ያቁረዋል? በስልካችሁ ቅረጹት። ኢንስፔክተሩ የሚመጣው ምናልባት በደረቅ ቀን ነው፤ ያ ቪዲዮ እሱ ሊያገኘው የማይችል ማስረጃ ነው።

ዳላስ፣ ዴንቨርና ኦሮራ የምትኖሩ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት። አፈራችሁ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላ ነው፤ በአንድ ጎን ብቻ የሚቋጥር ውሃ መሠረቱን ሊያነሣው ይችላል። በሰሜን ቨርጂንያም ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ማሪን ክሌይ የሚሉት ተመሳሳይ አፈር ያለባቸው ሰፈሮች አሉ።

ከመሬት ወደ ላይ እንውጣ። የጋራዡ ጣሪያ ከዋናው ቤት ግድግዳ ጎን ለጎን ወርዶ የሚያበቃበት ቦታ ላይ ውሃውን ከግድግዳው ወደ አሸንዳው የምትመልስ ትንሽ የታጠፈች ቆርቆሮ መኖር አለባት። ኪክ አውት ፍላሺንግ ይሏታል። ዋጋዋ ጥቂት ዶላር ነው። ካልገባች ከዚያ ጣሪያ የሚወርደው ዝናብ ከሳይዲንጉ ጀርባ ይገባል፤ ከውጭ ምንም ሳይታይ እንጨቱ ለዓመታት ይበሰብሳል። ስትደርሱበት ዋስትናው ካለቀ ቆይቷል፤ የቤት ኢንሹራንሱም "ቀስ በቀስ የደረሰ ጉዳት ነው" ብሎ ይመልሳችኋል። ከተራ ጉድለቶች ሁሉ በዋጋና በጉዳት መካከል እንዲህ የሚራራቅ አላውቅም። መንገድ ላይ ቆማችሁ ቀና ብላችሁ ልታዩዋት ትችላላችሁ፤ መሰላል አያስፈልግም።

ዴክ ካለ ከቤቱ ጋር የታሰረበትን ሳንቃ ከሥር ሆናችሁ እዩ፦ በወፍራም ብሎን ነው የተያዘው ወይስ በሚስማር? ከላዩስ ውሃ የሚመልስ ቆርቆሮ አለ? ቤዝመንት ውስጥ ሳምፕ ፓምፕ ካለ ጉድጓዱ ውስጥ ባልዲ ውሃ ገልብጡና ተነሥቶ ይገፋ እንደሆነ አረጋግጡ፤ ከዚያ የገፋው ውሃ ውጭ የት እንደሚወድቅ እዩ፤ ከመሠረቱ አጠገብ ከሆነ ያንኑ ውሃ ደጋግሞ ነው የሚገፋው። የላይኛው ፎቅ ሻወር ውሃው ሲለቀቅ ብቻ ሳይሆን ሰው ቆሞበት ሲታጠብም ይፈተሽ፤ የሰው ክብደት ሲያርፍበት ብቻ የሚከፈት ክፍተት አለ፤ ምልክቱ ከሥር ባለው ኮርኒስ ላይ ቢጫ ሆኖ ይወጣል።

አንዳንድ ኢንስፔክተር የሙቀት ካሜራ ይዞ ይመጣል። ካሜራው ግድግዳ ውስጥ አያይም፤ የሚያሳየው የገጽ ሙቀት ልዩነት ነው፤ እርጥብ ቦታ ስለሚቀዘቅዝ ተለይቶ ይታያል፤ ኢንሱሌሽን የጎደለውም እንዲሁ። ከዝናብ ማግስት ቢሆን የበለጠ ይጠቅማል።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም

ሰው የሚደነግጠው ሳሎን ውስጥ ባለው ቀጭን ስንጥቅ ነው፤ በበር ጥግ ላይ ወደ ላይ የወጣ የድራይዎል መሰንጠቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የእንጨቱ መድረቅ ነው። ይጠገናል፣ አያሰጋም። ሊያስደነግጥ የሚገባው ቤዝመንት ውስጥ ተጋድሞ የሄደ ስንጥቅ ነው፤ አፈሩ ግድግዳውን ከውጭ እየገፋው መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። በብሎኬት ግንብ ላይ ደረጃ ሠርቶ የሚወጣ፣ አንዱ ጫፉ ከሌላው የሚሰፋ፣ ወይም ሁለቱ ወገን እኩል ከፍታ ላይ ያልሆኑበት ስንጥቅም እንዲሁ ነው። የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ ቀን ጻፉበት። ከሦስት ወር በኋላ ምልክቱን ካለፈ አልቆመም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ከቤት ኢንስፔክተር አልፎ ስትራክቸራል ኢንጂነር የሚያስፈልግ ጉዳይ ነው።

ብዙ ቢልደሮች በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ የድራይዎል ጥገና ያደርጋሉ። አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን አስቡበት፤ በአራተኛው ወር ሁለት ሚስማር ወጣ ብላችሁ ከጠራችኋቸው ዕድላችሁን ጨርሳችኋል። ሌላም አለ፦ ሳሎኑን በራሳችሁ ቀለም ከቀባችሁት የሚመልሱላችሁ የፋብሪካውን ነጭ ነው። ቀለም ለመቀየር ያሰበ ዓመቱን ይታገሥ።

ማንም የማይወጣበት ቦታ

ከኮርኒሱ በላይ ያለውን አቲክ ቤቱ ከተገዛ ወዲህ ማንም አላየውም። ኢንስፔክተሩ ሲወጣ ከፈቀደላችሁ ቀዳዳው ላይ ሆናችሁ አብራችሁ እዩ። እንደ ጥጥ የተነፋው ኢንሱሌሽን መሀል ቁጥር የተጻፈባቸው የወረቀት መለኪያዎች በእንጨቱ ላይ ተለጥፈው ታያላችሁ፤ ጥልቀቱን የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ቀዳዳው አጠገብ ከፍ ብሎ ተነፍቶ ጥግ ጥጉ ላይ የሳሳ ቤት ብርቅ አይደለም፤ የላይኛው ፎቅ የሚሞቅበት ምክንያት ማቀዝቀዣው ሳይሆን ይኸው ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር የመታጠቢያ ቤቱ አየር ማውጫ ነው። ማራገቢያው ላይ ሶፍት ስታስጠጉለት ይዞ ካስቀረው ይስባል ማለት ነው። ግን ወዴት ነው የሚያወጣው? ቱቦው ከጣሪያው ሳይደርስ ተላቆ አቲክ ውስጥ ከቀረ የሻወሩ እንፋሎት ሁሉ ዊንተር ሙሉ እዚያ ይጠራቀማል፤ እንጨቱም ይሻግታል።

ምጣዱ ብሬከሩን ሲጥለው

ይህን የማነሣው በእኛ ቤቶች ስለሚደጋገም ነው። ጋራዥ ወይም ቤዝመንት ውስጥ እንጀራ ሲጋገር ብሬከሩ ይወርዳል፤ "የኤሌክትሪክ ችግር አለበት" ተብሎ ለቢልደሩ ይጻፋል። 1500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ120 ቮልት 12.5 አምፒር ይወስዳል። መስመሩ 15 አምፒር ከሆነ የቀረው ትንሽ ነው፤ በዚያው መስመር ላይ ፍሪዘር ካለ ብሬከሩ ሲወርድ ሥራውን እየሠራ ነው እንጂ አልተበላሸም። ይህን ደብዳቤ ውስጥ ማስገባት ሌሎቹን ቅሬታዎች ያቀልባችኋል። ምጣዱ ብቻውን ተሰክቶ ከወረደ ግን ይመርመር። በኪችን፣ በመታጠቢያ ቤት፣ በጋራዥና በውጭ ያሉት ሶኬቶች ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ ስትጫኑ ኤሌክትሪኩ መቋረጥ አለበት፤ ካልተቋረጠ እሱ እውነተኛ ጉድለት ነው።

ወጥ በሚሠራበት ቤት ደግሞ ከምድጃው በላይ ያለው አየር ማውጫ ነገር አለው። ብዙ አዲስ ታውንሃውስ ውስጥ ማይክሮዌቩ ሥር ያለው ማራገቢያ አየሩን አጣርቶ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ይመልሰዋል፤ ወደ ውጭ አያወጣም። ይህ በራሱ ጉድለት አይደለም። ፕላኑ ወይም ውሉ ወደ ውጭ ይወጣል ካለ ግን ነው። ቁሌት ሲቁላላ እጃችሁን ከማይክሮዌቩ በላይ አድርጉ፤ ፊታችሁ ላይ የሚነፍስ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ።

ማን ይመርምር?

ቨርጂንያ፣ ሜሪላንድና ቴክሳስ ለቤት ኢንስፔክተር ፈቃድ ይሰጣሉ፤ በቴክሳስ ፈቃዱ የሚወጣው ከግዛቱ ሪል እስቴት ኮሚሽን ነው። ቨርጂንያ ለአዲስ ቤት ምርመራ ኤን.አር.ኤስ. የሚባል ተጨማሪ ማረጋገጫ አላት፤ ያ ያለው ሰው አዲስ ግንባታን ያውቃል። ዋጋው እንደ ቤቱ ስፋት ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ዶላር አያልፍም። ስትጠይቁት "ጣሪያው ላይ ትወጣለህ ወይስ ከታች ታየዋለህ?" በሉት፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ መሰላል የማያወጣ ቢያንስ ድሮን ይኑረው። የዋስትና ምርመራ ከዚህ በፊት መሥራቱን፣ ሪፖርቱ ከነፎቶው መሆኑን ጠይቁ። ቢልደሩ የሚያስተዋውቃችሁን ሰው፣ ምንም ጨዋ ቢሆን፣ አልመክርም።

የምርመራው ዕለት እቤት ሁኑ። ዓመቱን ሙሉ የኖራችሁበት እናንተ ናችሁ፤ የትኛው በር እንደሚጮህ፣ ዝናብ ሲመጣ የቱ መስኮት እንደሚያላብ ለኢንስፔክተሩ የምትነግሩት እናንተ ናችሁ። ቀን ቀን እቤት የሚውሉ እናት ወይም አባት ካሉ ከሁላችሁም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ቀድማችሁ ጠይቋቸው።

ይሉኝታ

የሳይቱ ኃላፊ ብዙ ጊዜ ደግ ሰው ነው። ስልኩን ይሰጣል፣ ለቴክስት ይመልሳል፣ "እናየዋለን" ይላል። እኛ ደግሞ ሰው ማስጨነቅ አንወድም፤ ደጋግሞ መጠየቅ እንደ ውለታ ቢስነት ይቆጠርብናል። በዚህ መሀል ወራት ያልፋሉ፤ ሰፈሩ ተሠርቶ ሲያልቅ ሰውየው ወደ ሌላ ሳይት ይዛወራል፤ የተካው ሰው የናንተን ነገር አያውቅም። ከሱ ጋር የተለዋወጣችሁት ቴክስት ደብተሩ በጠየቀው መንገድ የቀረበ ማሳወቂያ ላይሆን ይችላል። ደግነቱን ማድነቅ ይቻላል፤ ደብዳቤውን ግን አይተካም።

በሀገር ቤት ኮንስትራክሽን የሠራ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። በዚያ የመንግሥት ሥራ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረግና የጉድለት ማስተካከያ ጊዜ ይቆጠራል፤ አሠሪው ከክፍያው መያዣ ያስቀራል፤ የመጨረሻው ርክክብ ሳይፈረም ያ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ አይለቀቅም። ኮንትራክተሩ ተመልሶ የሚመጣው ገንዘቡ ስለተያዘ ነው። እዚህ ቤት የገዛ ሰው ግን ክሎዚንግ ቀን ሁሉንም ከፍሏል፤ ባንኩ ከፍሎለታል። የያዘው መያዣ የለም። በእጁ የቀረው ቀን የተጻፈበት ማሳወቂያ ብቻ ነው።

ደብዳቤው

የኢንስፔክተሩን ሪፖርት እንዳለ አትላኩት። ሪፖርቱ ለእናንተ የተጻፈ ነው፤ ውስጡ "በየዓመቱ ይጽዳ" የሚሉ የጥገና ምክሮች አሉ፤ ቢልደሩ ቀላል ቀላሉን መርጦ ሠርቶ ከባዱን ሊያልፈው ይችላል። የራሳችሁን ዝርዝር ጻፉ። ለእያንዳንዱ ጉድለት ቁጥር፣ ክፍሉ፣ የሚታየው ነገር፣ የሪፖርቱ ገጽና ፎቶ። "ቤዝመንት ውስጥ እርጥበት አለ" አይበቃም። "በሰሜኑ ግድግዳ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ከወለሉ በላይ ውሃ የወረደበት ምልክት፤ ዝናብ የጣለበት ቀን ይህ ነው" ይባል። ምክንያቱን ለመገመት አትቸኩሉ፤ የምታዩትን ብቻ ጻፉ። ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት የነሱ ሥራ ነው። ራሳችሁ የለያችሁት ምክንያት ስህተት ከሆነ እሱን አስተካክለው ውሃው እንዳለ ይቀራል።

አላላኩን የዋስትና ደብተሩ ይነግራችኋል። በኢሜይል፣ በኩባንያው ፖርታል ወይም በአድራሻ ሊሆን ይችላል፤ በሁሉም አድርጉት። ከዚያ በላይ ደግሞ ሰርቲፋይድ ሜይል፣ የሀገር ቤቱ ሪኮማንዴ፣ ከመድረሻ ማረጋገጫው ጋር። የቨርጂንያ ሕግ ክስ ከመመሥረቱ በፊት ለቢልደሩ በሪኮማንዴ ወይም በእጅ ተሰጥቶ ደረሰኝ የተያዘበት የጽሑፍ ማሳወቂያ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ቢልደሩ ለማስተካከል ተገቢ ጊዜ አለው፣ ከስድስት ወር ግን አይበልጥም። በቴክሳስም ከመክሰስ 60 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ብዙዎቹ የቢልደር ውሎች ክርክሩን ከፍርድ ቤት አውጥተው ወደ ግልግል ዳኝነት ይወስዱታል፤ ነገሩ እዚያ ከደረሰ ጠበቃ ሳይዙ መሄድ አይገባም።

ጥገናው ከዓመቱ በኋላ ቢደረግ ችግር የለውም፤ ቁም ነገሩ ማሳወቂያው በጊዜው መድረሱ ነው። በመጨረሻው ቀን ተልኮ በማግስቱ የደረሰ ደብዳቤ ግን ሳምንት ሙሉ ያከራክራል።

"ኖርማል ነው"

የቢልደሩ የዋስትና ሠራተኛ መጥቶ ግማሹን "ቤቱ እየተቀመጠ ነው፣ ኖርማል ነው" ይላል። ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ነገር ግን ኖርማል የሚባለው በግምት አይደለም፤ የዋስትና ደብተሩ ወይም ደብተሩ የሚጠቅሰው የአሠራር መመሪያ ስንጥቁ ስንት ኢንች ሲሰፋ፣ ወለሉ በስንት ጫማ ውስጥ ስንት ሲዘቀዝቅ እንደሚጠገን በቁጥር አስቀምጦታል። ሳትጣሉ "ልኩ የትኛው ገጽ ላይ ነው?" በሉት፤ ከዚያ ሜትር አውጥታችሁ አብራችሁ ለኩ። እምቢ ካለ እምቢታውን በጽሑፍ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ሐሳባቸውን የሚቀይሩ አሉ።

"ሥራው ተጠናቋል" የሚል ወረቀት ወይም ታብሌት አቅርበው ሲያስፈርሟችሁ ያልተጠናቀቀውን ስሙን ጠርታችሁ ጻፉበት። ቀለሙ ያልደረቀን ግድግዳ፣ ዝናብ ያላየን መስኮት "ተስተካክሏል" ብሎ መፈረም አያስፈልግም።

አዲስ አበባ ቤት ላላቸው

እዚህም እዚያም ቤት ያላቸው ስላሉ ባጭሩ ልበል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 ሥራ ተቋራጩን ከርክክብ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ለሥራው ትክክለኛነትና ለሕንፃው ጽናት ኃላፊ ያደርገዋል። ከአሜሪካኑ የአንድ ዓመት ዋስትና ጋር ሲተያይ ሰፊ ነው። የሚያወሳስበው አፓርታማው ብዙ ጊዜ ፊኒሺንጉ ሳያልቅ መሰጠቱ ነው። የራሳችሁ ባለሙያ ታይል ሊያነጥፍ፣ ቧንቧ ሊቀይር ከገባ በኋላ መታጠቢያ ቤቱ ወደ ታች ጎረቤት ቢያፈስ ጥፋቱ የማን ነው? አልሚው ወደ ባለሙያችሁ፣ ባለሙያው ወደ አልሚው ይጠቁማል። አንድ መሐንዲስ ቀጥራችሁ፣ ምንም ሥራ ሳይጀመር፣ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ውሃ አስይዞ አንድ ቀን አሳድሮ እንዲያየውና በፎቶና በፊርማ እንዲመዘግበው አድርጉ። ውጭ ሆናችሁ ውክልና የሰጣችሁት ዘመድ ቁልፍ ከመቀበሉ በፊት ይህን ማድረግ እንዳለበት ይወቅ፤ ርክክቡን የሚፈርመው እሱ ነውና።

ከጥገናው በኋላ

የተጠገነውን ቦታ ከጥገናው በፊትና በኋላ ፎቶ አንሡ። መጋጠሚያ ላይ የተጨመረ ሲሊኮን ጥገና የሚመስል መሸፈኛ ሊሆን ይችላል፤ ኪክ አውት ፍላሺንግ የጎደለበት ግድግዳ በሲሊኮን አይድንም። ከባድ ለሆኑት ጉድለቶች ኢንስፔክተሩን መልሳችሁ ጥሩት፤ ብዙዎቹ ለዳግም ምርመራ ከመጀመሪያው ያነሰ ያስከፍላሉ።

የማሞቂያና የማቀዝቀዣው መሣሪያ የአምራቹ ዋስትና ከቢልደሩ የተለየ ነው። ብዙዎቹ አምራቾች ለክፍሎቹ አምስት ዓመት ይሰጣሉ፤ በ60 ወይም በ90 ቀን ውስጥ ካስመዘገባችሁት አሥር ያደርጉታል። ይህን የሚያነብ ሰው ገና ሦስት ወሩ ካልሞላ መሣሪያው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ዛሬ ማታ ፎቶ ያንሣ። የቧንቧውና የሽቦው የሁለት ዓመት ዋስትና የሚያልቅበትንም ቀን ከአንድ ዓመቱ ጋር አንድ ላይ ካላንደራችሁ ላይ አስቀምጡት፤ ማስታወሻው ግን ሁለት ወር ቀድሞ ይደውል።